የቬርና ባትሪ እና የእኛ ደግነት

ቬርና ኮልቢንሰን ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች። መንገዱና ማሳው አንድ ዓይነት ነጭ ሆኖ በማይለይበት ጠዋት ሁሉ አርባ ልጅ ጭና አንድ ቀን ቦይ ውስጥ አልገባችም። መንደራችን ሊንዳል ውስጥ ዛሬ ጎልማሳ ከሆነው ሁሉ በልጅነቱ በእሷ "ቁጭ በል፣ አንተ!" ያልተባለ የለም። ይህችው ሴት ታዲያ ባሏ ክላረንስ በሕይወት እያለ የገዛ ቤት መኪናቸውን መሪ ነክታ አታውቅም።

ቤት መኪና የምለው አልጋው፣ ምድጃው፣ መታጠቢያው ሁሉ ውስጡ ያለውን፣ ሰው ቤቱን ይዞ የሚዞርበትን ትልቅ መኪና ነው። እዚህ ሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ውስጥ ጡረታ የወጣ ወንድ ወይ ይህንን ይገዛል ወይ ቤት ተቀምጦ ሚስቱን ይነዘንዛል። ክላረንስ ሁለቱንም አድርጓል። ነፍሱን ይማርና ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቁልፉን ግን ከኪሱ አያወጣም። ጠጠር መንገድ ከጀመረበት ወዲያም አይሄድም፤ የፊት መስታወቴ ይሰነጠቃል ይላል። ቬርና ዩኮንን፣ ያንን የሰሜኑን ጫፍ፣ ልየው እያለች አስራ አንድ ዓመት ጠየቀችው። አስራ አንድ ዓመት "እስቲ ለከርሞ" አላት።

በነሐሴ ሞተ። በለቅሶው ግርግር መኪናውን ማንም አላሰበውም፤ ሰው ገፍቶ የከርሊንግ አዳራሹ ውስጥ አስገባው፣ አለቀ። አዳራሹ ድሮ በረዶ ላይ ድንጋይ እያንሸራተትን የምንጫወትበት ነበር። በረዶ መሥሪያው ማሽን ከተበላሸ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ አሁን የመንደሩ አስራ አራት ቤት መኪና የብርዱን ወራት እዚያ ያሳልፋል። የአዳራሹ ቁልፍ ያለው በሦስት ሰው እጅ ነው፦ በእኔ፣ በሎይድ አሙንድሩድ እና በዊልፍ ፒቺ። እኔ ሜትሮ ህናትዩክ ነኝ፤ የእህል ጎተራውን ሠላሳ ዓመት ያስተዳደርኩት።

በኅዳር የቬርና ልጅ ጋርዝ ከካልጋሪ መጣና እሱ፣ እሷና እኔ ሆነን መኪናውን ከፈትነው። ከባትሪዎቹ አንዱ ሆዱ አብጦ ተሰንጥቋል። ነገሩ ግልጽ ነው። ጋዝ የሚያሸተው ማንቂያና የሬዲዮው ሰዓት ሦስት ወር ሙሉ ጠብ ጠብ እያደረጉ ጠጥተውታል። ሙሉ ባትሪ በእኛ ብርድ በረዶ አይሆንም፤ ባዶው ግን ከኩሬ ውሃ አይሻልም፤ በመጀመሪያው ብርድ በረዶ ይሆንና ይፈነዳል።

ጋርዝ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው አደጋ ሲገምት የሚውል። የተሰነጠቀውን ባትሪ እንደ ሬሳ አየው።

"እማዬ፣ ሽጪው በቃ። ይሄ የአባባ መጫወቻ ነበር።"

"እኔም መጫወት እፈልጋለሁ።"

"ባትሪውን ረስተሽ ነው እኮ እንዲህ የሆነው። ባለፈውም ምድጃውን ሳታጠፊ ወጥተሻል።"

"አባትህን በቀበርኩ በሳምንቱ! አንተስ በዚያው ሳምንት ግራና ቀኙ የማይገጥም ጫማ አድርገህ ቤተ ክርስቲያን አልገባህም?"

ጋርዝ ቀላ። ግን ልጅ ነውና ፈርቷል፤ የፈራ ልጅ ደግሞ እናቱን እንደ ልጁ ማዘዝ ይጀምራል። "እሺ፣ እንስማማ። በግንቦቱ ረጅም እረፍት እመጣለሁ። የማንም ሰው እጅ ሳይነካው የብርዱን ወራት ሙሉ ጠብቀሽው ራስሽ አስነስተሽ ከዚህ ካወጣሽው ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። እምቢ ካለሽ ግን ይሸጣል። ሐኪም ጋም እወስድሻለሁ።"

"ሐኪም ምን ልሁን ብዬ?"

"ለመርሳቱ ነዋ።"

ቬርና ጓንቷን አውልቃ እጁን ጨበጠችው። ፊቷን አየሁት። መኪናው አልነበረም ያስደነገጣት፣ ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነዳጅ ማደያው ያለችው ምግብ ቤት መጣች። ያቺ ሰዓትና ያ ረጅም ጠረጴዛ የእኛ የሽማግሌዎች ናቸው፤ ቀጭን ቡና እየጠጣን ስለ ዝናብና ስለ መንግሥት እንዋሻለን። ሴት አትቀመጥበትም የሚል ሕግ የለም፤ ግን ተቀምጣበትም አታውቅም። ቬርና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ሜትሮ፣ ባትሪ አስተምረኝ።"

ሎይድ ከእኔ ቀደመ። "ምን አስቸገረሽ ቬርናዬ? እኛ አለንልሽ አይደል?"

"አንተ ያለኸው ለቀረፋ ዳቦው ነው። ሜትሮን ነው ያናገርኩት።"

ዊልፍ ሳቁን በቡናው ዋጠው። እኔም ሐሙስ እንጀምር አልኳት፤ በልቤ ግን ሦስት ሐሙስ አትመጣም ብዬ ነበር። ልክ አልነበርኩም፤ እንደ ወትሮዬ።

የመጀመሪያው ሐሙስ አዲስ ባትሪ ገዝታ፣ ቱታ ለብሳ፣ ደብተር ይዛ ጠበቀችኝ። የሞተር ማስነሻው ባትሪ ኮፈኑ ሥር እንደሆነ፣ መብራትና ውሃ መግፊያ የሚያሠሩት ሁለቱ ደግሞ ከመግቢያው ደረጃ ሥር እንደተቀመጡ አሳየኋት። ጫፋቸው ላይ የወጣውን ነጭ ዱቄት በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ በጥርስ ብሩሽ ፈገፈገችው።

"ብሩሹ የማን ነው?" አልኳት።

"የክላረንስ።" ቀና አላለችም። "መጣል አቅቶኝ ነበር፤ እንዲህ ሥራ ያግኝ።"

የተጣራ ውሃ እስከ መስመሩ ጨመረች። ቻርጀሩ እስኪሞላላት ጠበቀች። ሲፈታ ነጌቲቩ ገመድ ይቀድማል፣ ሲታሰር ነጌቲቩ ይከተላል፤ የተፈታውን ገመድ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ግራ መተው ነው፣ ተመልሶ ጫፉን እንዳይነካ። መኪናው እስካልተነዳ ድረስም ተፈትቶ ይቆያል፤ ያኔ ሰዓቱ አይጠጣውም። ይህንን አንድ ጊዜ ነገርኳት። ቴስተሩን፣ ያንን ቮልት መለኪያ፣ ስሰጣት ደግሞ እንዲህ አልኳት፦ "አስራ ሁለት ነጥብ ሰባት ቮልት ካለሽ ጤነኛ ነው። ነጥብ አራት ካለሽ ቻርጀር ይፈልጋል። አስራ ሁለት ድፍን ካለሽ ቄስ ይፈልጋል።"

ሁሉንም ጻፈችው፣ ቄሱን ጭምር። አውቶቡስ ስትነዳ በየጠዋቱ ጎማ፣ ፍሬን፣ መብራት እያየች የምትሞላው ደብተር ነበራት፤ ልማዱ አልለቀቃትም። ቀን፣ ቮልት፣ የተሠራው ሥራ፣ ፊርማ። ለማን እንደምትፈርም አላውቅም።

በአምስተኛው ሐሙስ ሎይድ መጥቶ የሚያውቃትን አንዲት ነገር ሊያስተምራት ሞከረ። "ባትሪ ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ ሲሚንቶው ይመጠዋል። አባቴ የነገረኝ ነው።" ይህንን ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። በአያቶቻችን ጊዜ፣ የባትሪ ቆዳ ገና ጎማና እንጨት ሳለ፣ እውነት ሊሆን ይችላል። ዛሬ ፕላስቲክ ነው! ይህንን ለሎይድ ሃያ ዓመት ነግሬዋለሁ። ቬርና ሁለታችንንም አዳመጠችና ከደረጃው ሥር ያሉትን ሁለቱን አውጥታ አንዱን ሲሚንቶ ላይ፣ ሌላውን እንጨት ላይ አስቀምጣ በየሳምንቱ ለካቻቸው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ሎይድ አፍንጫ ሥር ዘረጋችው። ቁጥሩ አንድ ዓይነት ነው።

"የአባቴ ሲሚንቶ የተለየ ነበር" አለ ሎይድ።

በጥር ብርዱ ከዜሮ በታች አርባ አንድ ገባ። በር እጀታው የሚያቃጥልበት፣ የአፍንጫ ፀጉር የሚደርቅበት ብርድ ነው። ሦስታችን ተደናግጠን በሯ ላይ ተሰለፍን።

"ቬርና፣ ባትሪዎቹን ወደ ቤት እናግባልሽ።"

"ለምን? ሙሉ ናቸው።"

"አርባ አንድ ነው እኮ!"

"ሜትሮ፣ ሙሉ ባትሪ ራሱን ችሎ ያድራል ያልከኝ አንተ አይደለህም? ወይስ ለወሬ ያህል ነው ያልከው?" በጎመን የተጠቀለለ ሩዝና ሥጋ በየሳህኑ አስይዛ ሸኘችን። ሐሙስ ስትለካው አስራ ሁለት ነጥብ ሰባት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ትንሽ ከፋኝ፤ ለምን እንደከፋኝ ያን ጊዜ አልመረመርኩም።

እዚህ ላይ ስለ እኛ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ያለሱ የሚመጣው አይገባም። ሊንዳል ውስጥ ደግነት የሚሠራው ተደብቆ ነው። ጠዋት ስትነሳ ደጅህ ላይ የነበረው በረዶ ተጠርጎ ታገኘዋለህ። ማን ጠረገልኝ ብለህ ብትጠይቅ ሁሉም ወደ ሰማይ ያያል፤ "ነፋስ ይሆናላ" ይልሃል። ውለታህን በአፍህ ካወራኸው ጉራ ነው፤ ጉረኛ ተብሎ እዚህ ከመኖር ቦይ ውስጥ መኖር ይሻላል። የተረዳውም ሰው አያመሰግንም፤ በሳምንቱ ከጓሮው በበቀለ ሩባርብ የተጋገረ ኬክ ስም ሳይጻፍበት ደጅህ ላይ ይቀመጣል። ስንኖር እንዲህ ኖረናል፤ እኔም የምኮራበት ነገር ነው።

የግንቦቱ ረጅም እረፍት፣ ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ሥራ የሚዘጋበት፣ ደረሰ። ጋርዝ ቅዳሜ ከቀትር በፊት እመጣለሁ አለ። ሐሙስ ዕለት ቬርና ለመጨረሻ ጊዜ ቻርጅ አድርጋ፣ ነጌቲቩን አስራ፣ ኮፈኑን ዘግታ ሄደች።

ዓርብ ከሰዓት የራሴን መኪና ጎማ ልነፋ አዳራሹ ገባሁ። ማንም የለም። እጄ አላረፈ አለና የእሷን ኮፈን ከፈትኩ። ነጌቲቩ ታስሯል። ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል ተብሏል፤ ያ የሬዲዮ ሰዓት ደግሞ እየጠጣ ነው። ረስታ አስራው ሄዳ ይሆናል፣ ነገ ጠዋት መጥታ ማሰር ነበረባት አልኩ። በአንድ ሌሊት ሰዓቱ የሚጠጣው አንድ ጠብታ እንደማይሞላ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን መፍቻዬን አወጣሁ፣ ፈታሁት፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ግራ አስተኛሁት፣ ኮፈኑን ዘጋሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ጠዋት ቀድማ መጥታ እንደምታየው እርግጠኛ ነበርኩ። እያፏጨሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ማፏጨቴ ነው።

ቬርና ጠዋት አልመጣችም። ምን ልትሠራ ትመጣለች? ሥራዋን ሐሙስ ጨርሳለች። ከጋርዝ ጋር አብራ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰች፤ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ከንፈሯን ቀብታ። እኛ ሦስታችን በአጋጣሚ እዚያው ነበርን፤ ዊልፍ በአጋጣሚ የሞተ ባትሪ ማስነሻ ገመድ ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል።

"እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ" አለችን ገና ከበሩ። "ጋርዝ፣ ምስክር ነህ።"

ወጥታ መሪው ላይ ተቀመጠች፣ ቀበቶዋን አሰረች፣ መስታወቶቹን አስተካከለች። ቁልፉን አዞረች።

ምንም። ሞተሪኖው ቀጭ እንኳ አላለም። ደግማ አዞረች። ዝም።

እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጠዋት ሳትመጣ ቀረች ማለት ነው።

ቬርና ወረደች። አልተጨነቀችም፤ ኮፈኑን አነሳች። ገመዱ ከጫፉ ተፈትቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ወደ ግራ ተኝቷል፤ ልክ እሷ የብርዱን ወራት ሙሉ እንደምታደርገው። የእኔ እጅ መሆኑን የሚናገር አንዳች ነገር የለበትም፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝና።

"አስሬዋለሁ" አለች።

ጋርዝ ደብተሩን ከወንበሩ ላይ አነሳና የሐሙሱን አነበበ። "'12.7። ነጌቲቭ ታሰረ። ነቅንቄ አየሁት።' ፊርማ።" ደብተሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ድምፁ ደግ ነበር፤ ደግነቱ ነው የባሰው። "እማዬ፣ ጽፈሽዋል። ግን አላደረግሽውም። ረስተሽ ነው። ምንም አይደለም፣ እሺ? ምንም አይደለም።"

ቬርና ገመዱን አየች። እጇን አየች። ከዚያ እንዲህ ያለችውን ሴት እንዲህ ሆና አየኋት፦ ኮፈኑን ተደግፋ፣ ሐሙስን በሐሳቧ ስትፈልገው።

"መፍቻውን... በቀኝ እጄ ይዤ..." አለች ለራሷ።

አርባ ዓመት የኖርኩበት ልማድ መጣብኝ። ዝም በል ይለኛል፤ ወደ ሰማይ እይ ይለኛል። ነፋስ ይሆናላ በል። ብናገር ውለታዬን ማውራቴ ብቻ አይደለም፤ ውለታው ራሱ በደል መሆኑን ማውራቴ ነው፤ ያውም በሎይድ ፊት!

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ሁሉም ዞሩ።

"ትናንት እኔ ነኝ የፈታሁት። አስራዋለች። ጥብቅ አድርጋ ነው ያሰረችው፤ መፍቻውን በሁለት እጄ ነው የገፋሁት። አልረሳችም፣ ጋርዝ። ምንም አልረሳችም።"

ጋርዝ ወደ እኔ መጣ። "ለምን?"

"ልረዳት።"

ቀጥሎ ሎይድ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ፊቱ እንደ ቀይ ሥር ሆኗል። "እኔም ዓርብ ምሳ ሰዓት ቻርጀር ሰክቼበት ነበር። ትንሽ ብቻ። ከዚያ ነቀልኩት።"

ሁላችንም ዊልፍን አየነው።

"ውሃ" አለ ዊልፍ ወደ ጫማው እያየ። "አንድ ሲኒ አትሞላም።"

"ሦስታችሁም!" ቬርና ጮኸች። ያ የአውቶቡሱ ድምፅ ነው፤ በዚያ ድምፅ አርባ ልጅ ባንዴ ዝም ይላል። "ስድስት ወር! ስድስት ወር ሙሉ በየሐሙሱ እዚህ ብርድ ውስጥ ጣቴ እስኪደነዝዝ! አንዳችሁ እንኳን 'ሴትዮዋ ችላለች' ብላችሁ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ መክተት አቃታችሁ? ዊልፍ፣ ያንን ገመድ ከትከሻህ አውርድ!"

አወረደ።

መፍቻዋን ከቱታዋ ሳይሆን ከሚያምረው የእጅ ቦርሳዋ አወጣች። ጨርቁን ፈታች፣ ጫፉን ጠረገች፣ ገመዱን አስገብታ አሰረችው፣ ነቀነቀችው። ዊልፍ ከመስመሩ በላይ የሞላውንም ውሃ በመምጠጫ ቀንሳ አስተካከለች። በደብተሯ ላይም ጻፈች፦ "ቅዳሜ። ነጌቲቭ እንደገና ታሰረ። ምክንያት፦ ሜትሮ።" ፈረመች።

ወጣች። ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አንድ ጊዜ አጉረመረመ፣ ሁለተኛው ላይ ያዘ። አዳራሹ በጭስና በጩኸት ተሞላ፤ ሎይድ እንባውን ሲጠርግ ጭሱ ነው አለ።

ጋርዝ ግን ጋርዝ ነው። "ስምምነቱ የሰው እጅ ሳይነካው ነበር እኮ። ሦስት ሰው ነክቶታል።"

"ነክተውታል" አለች ቬርና ከላይ ሆና። "እነሱ የነኩትን አበላሽተውታል። ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። አንተ ገማች አይደለህ? ገምተው እንግዲህ።"

ጋርዝ ሊስቅ አልፈለገም፤ ሳቀ። ስልኩን አወጣና የሆነ ነገር ሰረዘ። "የሐኪሙን ቀጠሮ ነው" አለኝ ቀስ ብሎ። ይዞላት ነበር ማለት ነው። እኔ ያን ዕለት አፌን ዘግቼ ቢሆን ኖሮ ማክሰኞ ሐኪም ፊት ተቀምጣ አእምሮዋ እንዲፈተን የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ ትቆጥር ነበር።

ከአዳራሹ በዝግታ አወጣችው፤ ከበሩ ጠርዝ በአንድ ስንዝር ርቀት፣ አንድም ጊዜ ሳትነካ። ውጭ አቁማ መስታወቱን አወረደች።

"ሜትሮ፣ ና እስቲ።"

ሄድኩ። ሌሎቹ እንዳይሰሙ ጎንበስ አለች።

"ገመዱ አይደለም ያናደደኝ" አለች። "ጋርዝ ረስተሻል ሲለኝ አመንኩት። ገባህ? የጻፍኩትን እያየሁ፣ ያሰርኩበትን እጄን እያየሁ አመንኩት። ለአንድ ደቂቃ አእምሮዬ ሄዷል ብዬ ተቀበልኩ።" ዓይኗ ሞላ። "እንዲህ ያለ ደቂቃ ለጠላቴም አልመኝለትም።"

"ይቅርታ ቬርና። አንቺ ያልረሳሽውን ረስታለች ብዬ ያሰብኩት እኔ ነኝ የመጀመሪያው። ከጋርዝ በፊት።"

"አውቃለሁ። ጥሩ ነው አንተም ማወቅህ።" አፍንጫዋን ጠረገች። "ሁለተኛ ስትረዳኝ በሬን አንኳኳና ንገረኝ። እምቢ ካልኩህም ሂድ።"

"እሺ" አልኳት።

መስታወቱን ዘጋችና ማርሽ አስገባች፤ ክላረንስ ወዳልደፈረው የጠጠር መንገድ መሪውን አዞረች።